አፕዴቱን አያጥፉ፤ ሥራዎን ግን ከዴስክቶፑ ላይ ያንሱ

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሱቁ ውስጥ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ ቤቴ ደግሞ ዊንዶውስ 11 ያለው አዲስ ላፕቶፕ አለኝ። ባለፈው ወር የሱቁ ኮምፒውተር አፕዴት እያደረገ ሳለ መብራት ሄደ፤ ከዚያ ለሰዓታት ዝም ብሎ ሲዞር ቆይቶ ሲነሳ ፕሪንተሩን አላውቀውም አለ። የላፕቶፑ ሥራዎች ክላውድ ላይ ስለሚቀመጡ አልሰጋም ነበር። ነገር ግን ማታ ጨርሼው ያደርኩት የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ጠዋት ሱቅ ውስጥ ስከፍተው የድሮው ሆኖ አገኘሁት። ቦታ ሞልቷል የሚል መልእክት ቢያሰለቸኝ ከክላውዱ ላይ የቆዩ ፋይሎችን ሳጠፋ ደግሞ የላፕቶፔ ዴስክቶፕ ላይ የነበሩትም አብረው ጠፉ። ቀደም ሲል ዳታ እንዳይበላ ብሎ ሴቲንጉን ያስተካከለልኝ ልጅ አሁን አፕዴቱን ለዘለዓለም የሚያጠፋ ፕሮግራም ልጫንልሽ፣ ካልሆነም ፎርማት አድርገን ወደ ዊንዶውስ 7 እንመልሰው ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ ፎርማቱም፣ አፕዴት የሚገድለው ፕሮግራምም፣ ወደ ዊንዶውስ 7 መመለሱም ይቅሩ። ሦስቱም ያለብዎትን ችግር አይነኩትም። ፎርማቱ እንዲያውም ገና ሊተርፍ የሚችለውን ፋይል ሊወስድብዎት ይችላል። መጀመሪያ ጊዜ የማይሰጠውን እንጨርስ።

ያጠፏቸው ፋይሎች እስካሁን ሊገኙ ይችላሉ። ከገለጹት ምልክት የተረዳሁት ላፕቶፑ ላይ ያለው ክላውድ ከዊንዶውስ ጋር ተጭኖ የሚመጣው ዋንድራይቭ መሆኑን ነው። በስልክዎም ቢሆን ብራውዘር ከፍተው በራስዎ ኢሜይል ወደ ዋንድራይቭ ድረ ገጽ ይግቡ፤ ከዚያም «ሪሳይክል ቢን» የሚለውን ይክፈቱ። የግል አካውንት ከሆነ የጠፋ ፋይል እዚያ እስከ 30 ቀን ይቆያል፤ ቅርጫቱ ከሞላ ግን የቆዩት ከሦስት ቀን በኋላም ሊሰረዙ ይችላሉ። ስለዚህ ይህን ምላሽ አንብበው ሳይጨርሱ ቢሄዱ አልቀየምም። ላፕቶፑ ላይ ያለውን ሪሳይክል ቢንም ይዩ፤ ነገር ግን ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ተቀምጦ ከነበረ እዚያ አያገኙትም፤ ያለው በድረ ገጹ ቅርጫት ውስጥ ብቻ ነው። በዚሁ ምክንያት «ሪከቨሪ እንሠራለን» ወደሚሉ ሱቆች ለመሮጥ አይቸኩሉ። ዲስኩ ላይ ኖሮ የማያውቅን ፋይል ከዲስኩ ውስጥ የሚያወጣ ፕሮግራም የለም። በአዲሶቹ ኤስኤስዲ ዲስኮች ላይ ደግሞ ኖሮ የጠፋውንም ማግኘት አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም። ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት ይህን ይወቁ።

አሁን ወደ ሥሩ እንሂድ። እርስዎ ክላውዱን እንደ ፎቶ ኮፒ ቆጥረውታል፤ ዋናው ቢቀደድ ኮፒው ይተርፋል ብለው። ዋንድራይቭ ግን የሚሠራው ማመሳሰል ነው፤ ዋናው ሲቀደድ ኮፒውም እኩል የሚቀደድ ዓይነት ነገር ነው። አንድ ቦታ ያጠፉት ሁሉም ቦታ ይጠፋል፣ አንድ ቦታ ያበላሹት ሁሉም ቦታ ይበላሻል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን የተሠራበት ዓላማ ነው። ዊንዶውስ 11 ያለውን ላፕቶፕ በኢሜይል አድራሻ ሲያስጀምሩት ብዙ ጊዜ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ፒክቸርስ የሚባሉት ፎልደሮች በሙሉ ወደ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ይዛወራሉ። ስለዚህ እርስዎ ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጥኩ የሚሉት ፋይል የተቀመጠው ዋንድራይቭ ውስጥ ነው። ከክላውዱ አጠፋሁ ያሉት ፋይልና ከዴስክቶፑ ጠፋ ያሉት ፋይል ሁለት አይደሉም፤ አንድ ነበሩ።

ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። አንድ የቆየ ፋይል ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ይጫኑና «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ይክፈቱ። ሁለት የመጠን መስመሮች ያያሉ። «ሳይዝ» የሚለው ለምሳሌ 4 ሜጋባይት ብሎ፣ ከሥሩ ያለው «ሳይዝ ኦን ዲስክ» ዜሮ ባይት ካለ፣ ያ ፋይል ላፕቶፕዎ ውስጥ የለም። ስሙና ምልክቱ ብቻ ነው ያለው። ኔትወርክ በሌለበት ቀን ደንበኛ ፊት ቆመው ቢጫኑት አይከፈትም። ከፋይሉ ጎን ያለው ትንሽ ምልክትም ይህንኑ ይናገራል፦ ሰማያዊ ደመና ማለት ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው፤ ነጭ መደብ ላይ ያለ አረንጓዴ የራይት ምልክት ለጊዜው ላፕቶፑም ላይ ወርዷል ማለት ነው፤ ሙሉ አረንጓዴ ክብ ውስጥ ያለ ነጭ ራይት ደግሞ ሁልጊዜ እዚህ እንዲቀመጥ ታዟል ማለት ነው።

የተማሪው ጽሑፍ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ጥርጣሬዬ «ዳታ እንዳይበላ» ተብሎ በተነካው ሴቲንግ ላይ ነው። ከስልክ በሆትስፖት የሚመጣን ኢንተርኔት «ሜተርድ» (ዳታው የሚቆጠር) ብሎ መመዝገብ በራሱ ጥሩ ነው፤ ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት ሳይጠይቅ ከማውረድ ይቆጠባል። ጥቅሉ በአንድ ሌሊት ለሚያልቅበት ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ዋንድራይቭም እንዲህ ባለው ግንኙነት ላይ ማመሳሰሉን ያቆማል። የሚሰጠው ማስታወቂያ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። እርስዎ ማታ ሴቭ አድርገው ላፕቶፑን ሲዘጉ ፋይሉ ከቤትዎ አልወጣም፤ ሱቅ ያለው ኮምፒውተር ያሳየዎት ቀድሞ የደረሰውን ነው። ይህ ከሆነ የማታው ሥራ ላፕቶፑ ላይ አለ። የጠዋቱን አሮጌ ፋይል ሱቅ ውስጥ አስተካክለውት ከሆነ ደግሞ ዋንድራይቭ ሁለቱን ማስታረቅ ስለሚያቅተው አንደኛውን በኮምፒውተሩ ስም ጫፉ ላይ ጽፎ ለብቻ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ በተማሪው ፋይል ስም መጨረሻ ላይ የላፕቶፕዎን ስም የያዘ ሌላ ፋይል ካለ ይፈልጉ፤ እንደ ተራ ድግግሞሽ ቆጥረው እንዳያጠፉት። ያም ከሌለ በድረ ገጹ ላይ ፋይሉን መርጠው «ቨርዥን ሂስትሪ» በሚለው የቀድሞ ቅጂዎቹን ይመልከቱ። እዚያም ከሌለ፣ ሌላ ተስፋ አልሰጥዎትም።

ነጻው ዋንድራይቭ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ነገር ግን ኢሜይልዎና የስልክዎ ፎቶዎችም ከዚያው ላይ ይቆረጣሉ። የጉርድ ፎቶ ለሚያነሳና ሰነድ ስካን ለሚያደርግ ቤት ሁለቱም ቶሎ ይሞላሉ። ሲሞሉ አዲስ ሥራ መጫኑ ይቆማል፤ የቆየው እዚያ ስላለ ግን ሁሉ ሰላም ይመስላል። ሰፊ ቦታ መግዛት ይቻላል፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪና በካርድ ስለሆነ ለእኛ አገር ትንንሽ ቤቶች ቀላል መንገድ አይደለም፤ እርስዎም አሁን አያስፈልግዎትም።

ቁጣዎ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ያወጣው ትልቁ የዊንዶውስ 10 አፕዴት የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን የዶክመንትስ ፎልደር ይዘት ስላጠፋ ሥርጭቱ ተቋርጦ እንደገና የወጣው በኅዳር ወር ነው። በመጋቢት 2021 የወጣው ደግሞ በአንዳንድ ፕሪንተሮች ላይ ማተም ሲሞከር ኮምፒውተሩን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ይጥለው ነበር፤ ለእርስዎ ዓይነት ቤት ከዚህ የከፋ ነገር የለም። በኅዳር 2023 የጉግል ድራይቭ የዴስክቶፕ ፕሮግራም አንዳንድ ተጠቃሚዎች የወራት ሥራቸውን አጥተው ያማረሩበት ብልሽት ነበረበት። ሐምሌ 19 ቀን 2024 አንድ የደኅንነት ሶፍትዌር ድርጅት በላከው የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን ወድቀዋል። ስለዚህ «ተጠቃሚው ነው ያበላሸው» የሚል ባለሙያ ከገጠመዎት አይስሙት።

ታዲያ ለምን አያጥፉት እላለሁ? እርስዎ ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆኑ ነው። በቀን ስንት ሰው ፍላሽ ይዞ ይመጣል? ከየትኛው ኮምፒውተር እንደመጣ የማይታወቅ ፍላሽ ሁሉ የእርስዎ ማሽን ላይ ይሰካል። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት የወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነበር። የተጎዱት አፕዴቱን ሳይጭኑ የቀሩት ናቸው። እንዲህ ዓይነቱ ቫይረስ ቢገባብዎት የተቆለፉትን ፋይሎች ዋንድራይቭ ራሱ በታማኝነት ወደ ክላውድ ይጭናቸዋል። አፕዴት ገዳይ ተብለው በየፍላሹ የሚዞሩት ፕሮግራሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ የዊንዶውስን ጸረ ቫይረስም አብረው ያጠፋሉ፤ ራሳቸው ምን ይዘው እንደሚገቡም ማንም አያረጋግጥልዎትም።

ስለዚህ መፍትሔው አፕዴቱን ማዘግየት ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛውን ወርሃዊ አፕዴት የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው፤ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይወጣል። የፈረንጆቹ ወር ከ8ኛው እስከ 14ኛው ቀን ማለት በእኛ አቆጣጠር የወር መባቻ አካባቢ ስለሆነ ለማስታወስ ቀላል ነው፦ ወር ሲብት አፕዴት መጣ ይበሉ። ያን ሰሞን ሴቲንግስ ውስጥ «ዊንዶውስ አፕዴት» ከሚለው ገብተው ለሁለት ሳምንት «ፖዝ» ያድርጉት። ችግር ያለበት አፕዴት ከሆነ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይታወቃል፣ ይታረማልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ መጫን ለእርስዎ የሚያተርፈው ነገር የለም። ላፕቶፑ ላይ አፕዴቶችን ልክ እንደወጡ አምጣልኝ የሚል ማብሪያ አለ፤ እሱ ጠፍቶ ይቀመጥ። ማቆያው እስከ አምስት ሳምንት ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ ከዚያ በኋላ ሳይጭኑ እንደገና ማቆም አይቻልም።

የሚጫንበትን ቀን እርስዎ ይምረጡት። ቅዳሜ ማታ ሥራ ሲያበቃ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ቢበላሽ እሑድ አለ። የግብር ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሰሞን ግን አያስቡት። የሱቁ ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) አፕዴት መደረግ የለበትም። እናንተ ሰፈር መብራት መቼ እንደሚሄድ የሚነግርዎት የለም፤ በመሐል የተቋረጠ አፕዴት ደግሞ በሚቀጥለው ሲነሳ የጀመረውን ሁሉ ወደ ኋላ መመለስ ይጀምራል። ለሰዓታት ሲዞር ያዩት ያንን ነው። ያን ጊዜ ደግመው ደጋግመው ሶኬቱን መንቀል ነገሩን ያባብሰዋል። ገበያ ላይ ያለው አነስተኛ ዩፒኤስ የሚያቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ወርሃዊውን አፕዴት ሊያስጨርስ ይችላል፣ ዓመታዊውን ትልቅ ግን አያስጨርስም። ሌዘር ፕሪንተሩን ወይም የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ዩፒኤሱ ላይ አይሰኩ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው፣ ኮምፒውተሩንም ይዞት ይጠፋል። ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ሌላ አያስፈልገውም።

ፕሪንተሩን ስለማያውቀው ኮምፒውተር፦ ፕሪንተሩን ከዝርዝሩ ላይ አስወግደው ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ እንደገና ይጫኑት። ካልሆነ የመጨረሻውን አፕዴት ከሴቲንግስ ማውለቅ ይቻላል። ጭራሽ ካልነሳ ደግሞ ዊንዶውስ መጀመር ሲያቅተው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ሙከራ በኋላ፣ የጥገና ገጹን ራሱ ይከፍታል፤ እዚያም «ትራብልሹት» ውስጥ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» የሚል ያገኛሉ። ትልቁ ዓመታዊ አፕዴት ከሆነ ያበላሸው ወደ ቀድሞው የመመለሻው ጊዜ 10 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። ፎርማት የሚመጣው ይህ ሁሉ ተሞክሮ፣ ፋይሉም በሌላ ዲስክ ላይ ከተቀዳ በኋላ ብቻ ነው። ለማንኛውም ሕመም መጀመሪያ ፎርማት የሚያዝ ጠጋኝ ለራሱ ሥራ ያቀለለ እንጂ ለእርስዎ ያሰበ አይደለም።

ላፕቶፑን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። አዲስ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ዲስካቸው ብዙ ጊዜ በቢትሎከር ወይም በተመሳሳይ መንገድ ተቆልፎ ነው የሚሠራው። ከአፕዴት በኋላ ድንገት ሰማያዊ ገጽ ወጥቶ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ አስገቡ ሊልዎት ይችላል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ይገኛል። ዛሬ ገብተው አትመው የላፕቶፑ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ሌላ ቦታ ያስቀምጡት፤ ማተሚያ ያለው ሰው ይህን ካላደረገ ማን ያደርገዋል። ቁልፉ ከሌለ የትኛውም ባለሙያ ያንን ዲስክ አይከፍትልዎትም፤ እከፍታለሁ የሚልዎት ካለ ፎርማት ሊያደርገው ነው።

ዊንዶውስ 7 ድጋፉ የተቋረጠው ጥር 14 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያን በሚያህል ቀዳዳ ላይ የደንበኛ ፍላሽ መሰካት አይገባም። የሱቁ ዊንዶውስ 10ም መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ የግል ተጠቃሚ ኮምፒውተር፣ ለተራዘመው ድጋፍ ከተመዘገበ፣ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኘው እስከ ጥቅምት 13 ቀን 2026 ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ፣ ገበያ ላይ ጀነሬሽን የሚሉት ከ8ኛው ጀምሮ ያለው በጥቅሉ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል። ከዚያ በታች ከሆነ ለመተካት ከአሁኑ ገንዘብ ማስቀመጥ ይጀምሩ፤ በግድ መጫኛ ዘዴ እያሉ የሚያታልሉትን አይከተሉ።

አሁን የምመክረው አቀማመጥ ይህ ነው። ሥራዎ ሁሉ ከዴስክቶፕና ከዶክመንትስ ወጥቶ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ «ሥራ» የሚል አንድ ተራ ፎልደር ውስጥ ይግባ፤ ዋንድራይቭ የማይነካው ቦታ ላይ ማለት ነው። ማታ ሱቅ ሲዘጉ ያ ፎልደር በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀዳ፤ ዲስኩ እንደተሰካ አይደር፣ ተነቅሎ ወደ ቤት ይሂድ። በሱቅና በቤት መካከል የሚመላለስ ሥራ ካለም በዚሁ ዲስክ ይመላለስ። ክላውዱ ሦስተኛ ቦታ ይሁን፦ ያለቁ ሥራዎች ብቻ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በብራውዘር በኩል በእጅዎ የሚጫኑበት። ብዙ ሰው «ዲ» ድራይቭ ላይ ስላስቀመጠ የተረፈ ይመስለዋል። ፎርማት ሲደረግ «ዲ» አይነካም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ዲስኩ ሲሞት ግን «ሲ» እና «ዲ» አብረው ነው የሚሞቱት፤ አንድ ዲስክ ናቸውና። በፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም የሰው ሒሳብ የምትይዙ አንባቢዎችም ካላችሁ፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበትን የዳታ ፎልደር የሚመሳሰል ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡ፤ ባክአፕ ካወጣችሁ በኋላ ያንን ፋይል ብቻ ጫኑ።

ከዋንድራይቭ ሲወጡ ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። መጀመሪያ በቂ ዳታ ገዝተው «ሜተርድ» የሚለውን ለጊዜው ያጥፉ። ፎልደሮቹ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ» የሚለውን ይምረጡ፤ ሁሉም ሙሉ አረንጓዴ እስኪሆን ይጠብቁ። ከዚያ ወደ አዲሱ «ሥራ» ፎልደር «ኮፒ» ያድርጉ፤ «ከት» አያድርጉ። ኢንተርኔቱን ዘግተው ከተለያየ ቦታ ጥቂት ፋይሎች ይክፈቱ፤ ከተከፈቱ ኤክስተርናሉ ላይ ይቅዱ። የፎልደር ባክአፑን (ዴስክቶፕና ዶክመንትስን ወደ ዋንድራይቭ የሚያዛውረውን) ከዋንድራይቭ ሴቲንግ የሚያጠፉት ከዚህ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዴስክቶፑ ድንገት ባዶ ሊሆን ይችላል፤ አይደንግጡ፣ ፋይሎቹ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ናቸው።

ወደ አዲሱ ፎልደር ከማዛወርዎ በፊት የደንበኞችን መታወቂያ፣ ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃ ስካኖች ለይተው ያውጡ። ሥራው ተጠናቆ ደንበኞቹ ከተረከቡ እርስዎ ዘንድ የሚቆይበት ምክንያት የለም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ከወጣ ቆይቷል። ከኮምፒውተሩም ከክላውዱም ያጥፏቸው፤ ቅርጫቶቹን ግን ባዶ የሚያደርጉት የጠፉት ሥራዎች ተመልሰው፣ የተማሪው ጽሑፍም ተገኝቶ ኤክስተርናሉ ላይ መቀዳቱን ካረጋገጡ በኋላ ይሁን።